በእናት ቀኝ፣ በአባት ግራ

ነአምን፣ ልጄ፣ ያን ስልክ ኪስህ ክተተውና ና እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ። ብስክሌትህን ግንቡ ላይ አስደግፈው፤ አይዞህ ማንም አይነካውም፣ የዚህ ሰፈር ሌባ ሁሉ አርጅቶ ጡረታ ወጥቷል። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ይሞቃል። ከእንጦጦ ፓርክ በተመለሳችሁ ቁጥር እኔ ደጅ ላይ ቆማችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ይኼኛው ፈረንጅ ዳገት ላይ ይበልጣል፣ የለም ያኛው ነው። ይኼኛው በጊዜው አቆመ፣ ያኛው እስኪዋረድ ጠበቀ። የፈረንጆቹን ስም እንኳ በቅጡ መጥራት አልችልም፤ ጭቅጭቁን ግን ከእናንተ በላይ አውቀዋለሁ። እሱ ውስጥ ነው ያደግሁት።

የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሁለት የብስክሌት ሻምፒዮኖች ነበሩ። አንደኛው አባቴ አምባዬ ነው። ቀጭን ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ፍየል ይመስል የማይወጣው ነገር የለም። ሁለተኛው ሀብቶም ነው፤ አስመራ ያደገ፣ ደረቱ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ቁልቁለት ሲያገኝ ከመኪና ላይ እንደወደቀ በርሜል የሚንደረደር። ሌሎች ልጆች ጋሼ ሀብቶም ይሉታል። እኔ «ጋሼ»ዋን ነፍጌው ነበር፤ የአባቴ ጠላት ነዋ!

የእንጦጦው ውድድር ዋንጫ በየዓመቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል። እኛ ቤት የከረመ ጊዜ እናቴ ዘቢደር ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። ሀብቶም ቤት የከረመ ጊዜ ደግሞ፣ ሰውዬው ወንደላጤ ነውና፣ ካልሲ ያስቀምጥበታል ይባል ነበር። ስለዚህ ተመልሶ ወደ እኛ ሲመጣ እናቴ በአመድ ሳትፈትገው ደፍ አታሳልፈውም።

የሰፈሩ ሸንጎ የፉፋ ፀጉር ቤት ነበር። ፉፋ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ አንዱ በግራ ግድግዳ፣ አንዱ በቀኝ። የግራው የአምባዬ ደጋፊዎች ነው፣ የቀኙ የሀብቶም። የአምባዬ ሰው የሀብቶም አግዳሚ ላይ ከሚቀመጥ ቆሞ ቢውል ይመርጣል። ሰርጉ ደርሶበት፣ በእኛ በኩል ቦታ ስላጣ፣ ፀጉሩን ሳይቆረጥ ሄዶ እንደ ባሕታዊ የተዳረ ሙሽራ አውቃለሁ። እኔ ጥርሴ የሚወልቅበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። እግሬ መሬት ሳይነካ የአባቴ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ እሰማለሁ።

«ሀብቶምማ አለቀለት» ይላል አንዱ ከእኛ በኩል። «ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ ሲንቋቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሚስቴ በር ተንኳኳ ብላ ተነሣች።»

«የእናንተውስ?» ይላል ሌላው ከወዲያ። «ሰላምታ አቆመ እኮ! ትናንት እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ሰውዬው ሳይሞት ሐውልት ሆኗል።»

«በቃ ተዉኣቸው» ይላል ፉፋ ምላጩን እየሳለ። «ሁለቱም ሠላሳውን ከተሰናበቱ ቆዩ። ብስክሌተኛ በዚህ ዕድሜው ሽማግሌ ነው። የቀረው ማን ቀድሞ ያፍራል የሚለው ብቻ ነው።»

የሰላምታው ነገር እውነት ነበር። አባቴ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ታዲያ በኩራቱ ኮራሁበት። ሻምፒዮን ለስንቱ ሰላምታ ይሰጣል? ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ሲያፈስ አይቼ ይኼም የሻምፒዮን ወግ መሰለኝ። እሱን ልምሰል ብዬ ጎረቤት ሰላም አልልም ስል ግን ከእናቴ ቁንጥጫ ቀመስኩ።

አሁን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ተለጥፏል፤ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው። ያኔ ስም አልነበረውም። ዓለም ከጎንና ከጎን እየጨለመችበት፣ የቀረችውን በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነበር። የተዘረጋለትን እጅ አላየውም። ኩራቱ ይኼ ነው፣ ልጆቼ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ጨዋታ ነበረን። ጣቱን ያስይዘኝና የእንጦጦን መንገድ በእግራችን ወጥተን ቀስ እያልን እንወርዳለን። ያኔ አስፋልት የለም፤ ፒስታ ነው፣ ክረምት የበላው።

«ትሕትና፣ እስቲ ጉድጓድ ፈልጊልኝ» ይለኛል።

«ይኸው አባዬ! ትልቅ ነው፣ ገበቴ ይመስላል።»

«በቀኝ ነው በግራ?»

«በግራ።»

«እንግዲያው ስሙ ገበቴ ይሁን።»

ጠጠር የበዛበትን «የእማሆይ ጥርስ» አልነው፤ እማሆይ ወለተማርያም የአባቴ እናት ናቸው፣ ሲመነኩሱ ጥርሳቸውንም አብረው የተዉ ይመስል አፋቸው ውስጥ ብዙ አልቀረም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ አጥር ሥር፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ኩርባ ላይ፣ በቀኝ በኩል ገደል አለ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ጉድጓድ ነበር። ክፍት ሆኖ ስለሚውል «የፉፋ አፍ» አልኩት። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጉድጓዱን ጠርዝ በእጁ ዳበሰ። ለጉድጓድ እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ በልቤ።

ሀብቶምን የጠላሁት ግን በስድቡ ነው። በየጠዋቱ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሀብቶም የኋላ ጎማው ሽቦዎች ላይ የቢራ ቆርኪ ደርድሯል፤ ሲመጣ የቆርቆሮ ሱቅ የተናደ ይመስላል። እኛን ለማበሳጨት ነው አልኩ። ከፊት ከፊት ይወርድና አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ በትግርኛ «አንተ ዝንጀሮ» ብሎ ጀምሮ፣ አባቴ ላይ ይጮኻል።

«ኣታ ህበይ! እናትህ ሽሮ ታሳርራለች!»

አባቴ ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል።

«አባትህ አጥር ሲዘል ሱሪው ተቀዷል!»

አባቴ ወደ ግራ ይላል።

«አህያ! አህያ! ሙጀሌያም!»

አባቴ ዘወር ብሎ ፍሬን ይይዛል። ድንጋይ እንደሚወረወርበት ሰው ከስድቡ የሚያመልጥ መሰለኝ። አንድ ቀን እንኳ መልሶ አልሰደበውም። አባቴ ጨዋ ነው፣ ሀብቶም ባለጌ ነው አልኩ፤ ደመደምኩ።

ነገሩ ሕግ ነበረው እኮ! በእናቱ ሲሰደብ ወደ ቀኝ፣ በአባቱ ሲሰደብ ወደ ግራ። አህያ ከተባለ ጉድጓድ አለ፣ ሙጀሌያም ከተባለ ፍሬን። ቆርኪው ደግሞ ርቀቱን በጆሮው እንዲለካ ነው። ታዲያ ቀኝና ግራ ብሎ መጥራት ማን ከለከለው ትሉኝ ይሆናል። ሰው ይሰማል። ቀኝ፣ ግራ እየተባለ የሚነዳ ሻምፒዮን ዓይኑ ምን ሆነ ይባላል፤ ክለቡ የዚያኑ ዕለት ማሊያውን ያስወልቀዋል። ሁለት ባላንጣ ቢሰዳደቡ ግን ማን ጉዳዬ ይላል?

ውድድሩ ሊደርስ ሲል ሀብቶም እኛ ግቢ መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ባቄላ እፈለፍላለሁ። እናቴ ምሳ አቀረበችለት፤ ለጠላት ምሳ! ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ቀኙ ሙሉ በሙሉ ሄዷል» አለች እናቴ።

«ግራውስ?»

«እሱም ቢሆን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ይጠፋበታል።»

ስለ ብስክሌቱ ፔዳል መሰለኝ። ቀስ ብዬ ሄጄ ቀኙን ፔዳል አዞርኩት፤ ደህና ነው። ትላልቅ ሰዎች ስለማያውቁት ነገር ያወራሉ ብዬ ወደ ባቄላዬ ተመለስኩ።

«አንዴ ብቻ» አለ አባቴ። «ይችን አንዲት ውድድር ልጨርስ። ከዚያ ማሊያውን ራሴ አወልቀዋለሁ። ዕውር ነህ ተብዬ እንደ ሌባ ተይዤ መውጣት አልፈልግም።»

እናቴ ጭልፋውን ሀብቶም ላይ ቀሰረች። «ስማ አንተ! ገደል ከከተትክብኝ እዚያው ዋንጫ ውስጥ ነው የምቀቅልህ።»

«ዘቢደር፣ እኔ ስገባ ከኋላዬ ይገባል። ከፊቴ ግን አይገባም፣ ይኼን ከአሁኑ እወቂው። መንገድ ላሳየው እንጂ ዋንጫ ላስረክበው አልመጣሁም።»

«ማን ለመነህ!» አለ አባቴ፤ ሦስቱም ሳቁ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ከፊቴ አይገባም» የምትለዋን ብቻ ነው። በገዛ ግቢያችን፣ የእናቴን ወጥ እየጠረገ! ያን ቀን ለእመቤታችን ስዕለት ተሳልኩ፤ አባቴ ካሸነፈ የመጀመሪያዋን የምትወልቅ ጥርሴን እሰጣለሁ ብዬ።

የውድድሩ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ፉፋ ሱቁን ዘግቶ ሁለቱን አግዳሚዎች በወዛደር አሸክሞ ቤተ ክርስቲያኗ አጥር ሥር፣ ኩርባው ላይ አስቀመጣቸው፤ ሰዉም እንደ ወትሮው በየወገኑ ተቀመጠ። መነሻው ላይ ዳኛው በየብስክሌቱ እየዞረ ሲያይ የሀብቶም ቆርኪ ጋ ደረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው? ቡና ቤት ነው ብስክሌት? ይወልቅ!»

ሀብቶም ተከራከረ፤ ለመነ ማለት ይሻላል። ዳኛው ግን ቆርኪውን አንድ በአንድ አስወለቀው። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ዞር ስል እናቴ ፊቷ ዐመድ መስሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። አባቴ ብስክሌቱን ይዞ ፈገግ አለ።

«አይዞሽ ዘቢዬ» አላት። «ቆርኪውን ነው ያወለቁት፤ አፉን አላወለቁትም።»

ዳገቱን ሲወጡ እኔና እናቴ ኩርባው ጋ ሄደን ጠበቅን። እማሆይ ወለተማርያምም ከቅዳሴ ወጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሐል፣ አቧራ ተነሣ። ሀብቶም ከፊት፣ አባቴ ከጎማው ሥር፤ ሌሎቹ የት እንዳሉም አይታዩ። እላይ በገላጣው ላይ አሁንም ስድቡ ይሰማል፤ እናት፣ አባት፣ አህያ፣ እናት። አባቴም ይታጠፋል። እየቀረቡ ሲመጡ ግን ሁለቱ አግዳሚ ብድግ አለ።

«አምባዬ! አምባዬ!»

«ሀብቶም! በለው!»

ፉጨት፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። አንዱ የሰበካ ጉባኤውን ቆርቆሮ በዱላ ይደበድባል። ሀብቶም አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየዋለሁ፤ ድምፁ ግን የለም። እኔም «አባዬ!» ብዬ ልጮኽ ስል እናቴ በመዳፏ አፌን ጥርቅም አደረገችው።

«ዝም! ዝም በሉ!» ትላለች ለሰዉ። ማን ሰምቷት። ገረመኝ፤ ሚስት ባሏ ሲጨበጨብለት እንዴት ይጨንቃታል አልኩ። እነሱ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሊገቡ ነው። የፉፋ አፍ ተከፍቶ ይጠብቃል፣ ከሱ ወዲያ ገደሉ።

ይኼን ጊዜ ሀብቶም ፔዳሉ ላይ ቆመ፣ ደረቱን ነፋ፣ ስድቡንም ለቀቀው።

ልጆቼ፣ አልደግመውም። እኔ ቆራቢ ሴት ነኝ። ስለ አያቴ ስለ እማሆይ ወለተማርያም ነበር፤ በቅሎም አለችበት። የቀረውን ተዉት። ከሆድ የወጣ አይመስልም፣ ተራራው ራሱ የተናገረው ነው የሚመስለው። «እናትህ» ግን አላለም፣ በስማቸው ነው የጠራቸው፤ በስም መስደብ ደግሞ በሕጋቸው ውስጥ አልነበረም።

ዝም አለ ሁሉ ነገር። ቆርቆሮ የሚመታው ሰውዬ ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፉፋ እንኳ፣ ፉፋ!፣ አፉን ዘጋ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የሀብቶም ድምፅ ቀጠን ብሎ፣ ሊለምን ምንም ሳይቀረው መጣ፤

«አባትህ ሱሪው ተቀዷል... አህያ... አባትህ፣ አባትህ፣ አባትህ...»

አባቴ ወደ ግራ ተኛ። የኋላ ጎማው የፉፋን አፍ ጠርዝ ላሰ፤ ጠጠሩ ገደል ገብቶ ሲንኳኳ ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ አለፉ። እናቴ አፌን ስትለቀው የጣቶቿ ምልክት ጉንጬ ላይ ነበር።

ማን አሸነፈ? ሀብቶም ነዋ! በአንድ ጎማ ቀደመው። እንዳለው ነው ያደረገው፤ አልሰጠውም። እኔ ስዕለቴን ለእመቤታችን አልሰጥም ብዬ አኮረፍኩ። የከፋኝ ደግሞ አባቴ ነው፤ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እየዳበሰ የሀብቶምን አንገት ፈልጎ አገኘና አቀፈው። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቱን በአደባባይ ካዋረደ ሰውዬ ጋር! ያን ጊዜ በአባቴ አፈርኩ።

መምሬ በርናባስ ግን አልሳቁም። የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ ናቸው። መነኩሲትን፣ ያውም ከቅዳሴ ስትወጣ፣ ያውም ከበቅሎ ጋር! ሀብቶምን አስጠርተው «ለምን?» አሉት። እውነቱን ቢናገር ንስሐው ይቀርለታል፤ የአባቴ ሁለተኛነት ግን ይሠረዛል፣ ስሙም «ዕውሩ» ሆኖ ይቀራል። ዝም አለ።

«እንግዲያውስ አፍህ ያመጣውን ጉልበትህ ይክፈለው» አሉና ጾሙን በሙሉ ስግደት ጫኑበት።

በዚያ ጉልበቱ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አየው ነበር፤ በወደቀ በተነሣ ቁጥር ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። በልቤ እሰይ እላለሁ። ጾሙ ሲፈታ ደረጃ መውጣት ያቅተው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሀብቶም ውድድር ላይ አልታየም። እሱ በጉልበቱ፣ አባቴ በዓይኑ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ቀሩ። ስድቡ ነው የአባቴን ዓይን ያጠፋው ብዬ ስንት ዘመን አመንኩ መሰላችሁ!

እማሆይን ግን ጠየቅኋቸው። «እማሆይ፣ ለምን አይረግሙትም?»

«ማንን? ሀብቶምን?» አሉና በቀሩት ጥርሶቻቸው ሳቁ። «ልጄን ከገደል የመለሰ አፍ ይባረክ። በቅሎዪቱም ትባረክ።»

አረጁ፣ ነገር ተምታታባቸው ብዬ አዘንኩላቸው። እናቴ ነገሩን በሙሉ የነገረችኝ እኔም ወልጄ ክርስትና ካስነሣሁ በኋላ ነው፤ ምስር እየለቀመች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ።

ሀብቶም የሞተው መንገዱ አስፋልት ከሆነ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ቤቱ እላይ ባሕር ዛፉ ሥር ነበርና ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ቁልቁል ማውረድ ነበረብን። አባቴ በዚያን ጊዜ ብርሃን ከጨለማ አይለይም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ ከሬሳው ፊት ፊት ይሄዳል። የተሸከሙት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቷል፣ ድምፅ የለም። አባቴ በሹክሹክታ እርምጃውን ሲቆጥር ይሰማኛል። ድንገት ቀና አለ።

«ኣታ ህበይ! እናትህ ሽሮ ታሳርራለች!»

ለቀስተኛው ደርቆ ቀረ። ቀዳሹ ወጣት ቄስ ጽናጽሉ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ግን ገበቴ የነበረበት ቦታ መሆኑን አየሁ። ወደ ጎረምሶቹ ዞሬ «ወደ ቀኝ በሉ» አልኳቸው።

«ኧረ ማዘር፣ ምንም የለም እኮ፣ አስፋልት ነው።»

«ወደ ቀኝ በሉ ብያለሁ!»

ወደ ቀኝ አሉ። የእማሆይ ጥርስ ላይ ስንደርስ «ሙጀሌያም!» አለ፤ ቀስ አሉ። እንዲህ እሱ እየተሳደበ፣ እኔም ቀኝና ግራውን ለጎረምሶቹ እየፈታሁ፣ አንድም ሳይስት ወደ ኩርባው አወረደው። እዚያ ከታች ሴቶቹ እየጮኹ ያለቅሳሉ። አባቴ ቆመ። ደረቱን ነፋ። ከዚያም ስለ ሀብቶም አያት፣ አስመራ ስለነበሩት፣ በሕይወቱ አይቷቸው ስለማያውቃቸው ሴትዮ፣ ያንኑ ቃል ለቀቀው። በቅሎዪቱም ያችው ናት።

ዝም አለ ሁሉ ነገር። ለቅሶውም ቆመ። አባቴ በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣

«አባትህ ሱሪው ተቀዷል» አለ። «አባትህ፣ ሀብቶም፣ አባትህ።»

ጎረምሶቹ እኔን አላዩም። ራሳቸው ወደ ግራ አሉና፣ ከተደፈነ ዘመን ያለፈውን ጉድጓድ ዞረው፣ ጋሼ ሀብቶምን በደህና አሳለፉት።

አባቴም ብዙ አልቆየም። ጋሼ ሀብቶም ካረፈ ወዲህ ዋንጫው እኔ ጋ ነው፤ ሽንኩርት አለበት፣ ስትሄዱ አሳያችኋለሁ። ማን ይበልጥ ነበር ካላችሁኝ፣ የፉፋ አግዳሚዎች እስኪሰበሩ ድረስ አልተፈታም፤ እኔም አልፈታውም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ነአምን፣ ነገ በዚያ ኩርባ ስትወርድ ጉድጓድ አታገኝም፤ መንገዱ መስታወት ነው። ቢሆንም ትንሽ ወደ ግራ በልልኝ። ጓደኞችህ ምን ሆንክ ቢሉህ፣ ጮክ ብለህ በአባታቸው ስደባቸው። እንደዚያ እያላችሁ አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።